በር ጠባቂው ኮምፒዩተር

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በቦረና ምድር፣ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ከእነዚህ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ስላላቸው ከብት እስከ ውሃው ድረስ ሊወርድ አይችልም፤ ውሃው ወደ ከብቱ መውጣት አለበት። ስለዚህም ውሃ በሚቀዳበት ጊዜ ጉልበት ያላቸው ሰዎች ከጉድጓዱ ግርጌ ጀምረው አንዱ ከሌላው በላይ ይቆማሉ። ከሁሉ በታች ያለው ሰው መቅጃውን ሞልቶ ከራሱ በላይ ላለው ያቀብላል፤ ያም ተቀብሎ ወደ ላይ ያሳልፋል፤ ባዶው መቅጃ ደግሞ በዚያው መስመር ከእጅ ወደ እጅ ወደ ታች ይመለሳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የቆመ እያንዳንዱ ሰው ማወቅ የሚገባው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከማን እንደሚቀበልና ለማን እንደሚያቀብል ነው። መካከል ላይ የቆመው ሰው ውሃውን የትኛው ላም እንደምትጠጣው ላያይ ይችላል። ነገር ግን እርሱ እጁን ቢያጥፍ ውሃው ከገንዳው አይደርስም።

ጉድጓዱ አንድ፣ መንጋው ግን ብዙ ነው። በመሆኑም ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ቦረናዎች ይህን ሰው አባ ሄሬጋ ይሉታል። የአባ ሄሬጋ ሥራ ውሃ ማፍለቅ አይደለም፤ ያለው ውሃ ያለ ጠብና ያለ ብክነት ለሁሉም እንዲዳረስ ማድረግ ነው።

ኡራን በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ ንኡስ ካውንቲ ውስጥ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ የሆነች የገጠር ቀበሌ ናት። በአካባቢዋ የሚኖረው ሕዝብ በብዛት ቦረና ስለሆነ የጉድጓዱ ሥርዓት ለኡራን ሰው እንግዳ አይደለም። በዚህ ዘመን ግን እንደ ውሃው ሁሉ ብዙዎች በጋራ የሚፈልጉት ሌላ ነገር መጥቷል። ይህም የኢንተርኔት መስመር ነው። አንድ ቤተሰብ ሊከፍል የሚችለው ብዙውን ጊዜ ለአንድ መስመር ብቻ ነው። በቤቱ ውስጥ ግን ትምህርቷን የምታጠና ልጅ፣ የከብት ዋጋ የሚጠይቅ አባት፣ ሩቅ አገር ካለ ዘመድ ጋር የምትነጋገር እናት ይኖራሉ። አንዱን መስመር ለሁሉም የሚያዳርሰው መሣሪያ ራውተር ይባላል፤ ትርጉሙም መንገድ መሪ እንደ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ራውተር ሲባል ከሱቅ የሚገዛ፣ መብራቱ የሚብለጨለጭ ትንሽ ሣጥን ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። ራውተርነት ዕቃ ከመሆኑ በፊት ሥራ ነው። ይህን ሥራ ማንኛውም ኮምፒዩተር፣ ያረጀና ከጥቅም ውጪ ሆኗል የተባለም ቢሆን፣ አስፈላጊው ነገር ከተሟላለት ሊሠራው ይችላል።

የመንገድ መሪው አመጣጥ

የመጀመሪያዎቹ መንገድ መሪዎች ራሳቸው ኮምፒዩተሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ አርፓኔት የሚባለው የኮምፒዩተር መረብ ሲጀመር አራት ተቋማት ብቻ ተገናኝተው ነበር። በየተቋሙ መልእክት ተቀብሎ የሚያሳልፍ አንድ አንድ ኮምፒዩተር ተተከለ። ይህም ሃኒዌል 516 የተባለ፣ ትልቅ የምግብ ማቀዝቀዣ የሚያህል መሣሪያ ሲሆን፣ ሥራው ሒሳብ ማስላት ሳይሆን የሌሎችን መልእክት ማቀባበል ነበር። ለዚህ ሥራ ብቻ የተዘጋጁ ትንንሽ ሣጥኖች በየቤቱ የገቡት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በኢትዮጵያም አንድ ኮምፒዩተር ለብዙዎች በር ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ ነበር። አገሪቱ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኘችው በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1997) ነው። ከዚያ በፊት ግን በአዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ነበር። ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። ተጠቃሚዎች በከተማው ስልክ እየደወሉ መልእክታቸውን በክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ኮምፒዩተሩም ያጠራቅመዋል፤ ከዚያም በአንድ የውጭ አገር የስልክ ጥሪ የተጠራቀመው ሁሉ ይላካል፤ የመጣውም ይገባል። የውጭ አገር ስልክ ውድ ስለነበር እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ሊደውል አይችልም ነበር። አንዱ መስመር ግን በአንድ ኮምፒዩተር አማካይነት ለብዙዎች ተዳረሰ። የዛሬው መንገድ መሪ መልእክት አጠራቅሞ አያቆይም፤ ወዲያው ያሳልፋል። ይሁን እንጂ የሁለቱም ዓላማ አንድ ነው፤ ውድ የሆነን አንድ መስመር ለብዙዎች ማካፈል ነው።

እሽግና አድራሻ

የመንገድ መሪውን ሥራ ለመረዳት አስቀድሞ መልእክት እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል። በቀድሞው የስልክ አሠራር ማዞሪያው የሁለት ተነጋጋሪዎችን ሽቦ ያገናኛል፤ ንግግሩ እስኪያልቅም ድረስ ያ ሽቦ ለሌላ ሰው አይሰጥም። በኮምፒዩተር መረብ ግን መልእክቱ ተቆራርጦ በትንንሽ እሽጎች ይላካል። አንድ እሽግ በተለመደው የቤት ኔትወርክ ከ1,500 ባይት አይበልጥም። ስለዚህ 3,000,000 ባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ ቢያንስ በ2,000 እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል ማለት ነው። የአንዱ ሰው እሽጎች ከሌላው ሰው እሽጎች ጋር እየተፈራረቁ ስለሚያልፉ በአንድ መስመር ብዙ ሰዎች ሊገለገሉ ይችላሉ።

በእያንዳንዱ እሽግ ላይ ሁለት አድራሻዎች ይጻፋሉ። አንዱ የላኪው፣ ሌላው የተቀባዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ደንብ መሠረት አንድ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱም ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። በዚህ አቆጣጠር ሊገኙ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ናቸው። ደንቡ ሲወጣ ይህ ቁጥር የማያልቅ ይመስል ነበር። ነገር ግን ኮምፒዩተርና ስልክ እየበዛ ሲሄድ አድራሻው አነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ ማከማቻ ያልተከፋፈለ አድራሻ አለቀበት። እጅግ ብዙ አድራሻ ያለው አዲስ አቆጣጠር የተዘጋጀ ቢሆንም አሮጌው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ የቤት ውስጥ አድራሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ደንብ አንዳንድ አድራሻዎች ለግል መረብ ብቻ እንዲውሉ ተለይተዋል። ከእነዚህም መካከል በ192.168 የሚጀምሩት ይገኛሉ። በኡራን ያለ ቤት፣ በጎንደር ያለ ቤትና በቶኪዮ ያለ ቤት ሁሉም 192.168.1.20 የሚለውን አድራሻ ሊጠቀሙ ይችላሉ። አድራሻው ከየቤቱ ግቢ ስለማይወጣ አንዱ ከሌላው ጋር አይጋጭም። በየሰፈሩ «ታላቅዬው» ተብሎ የሚጠራ ልጅ እንደሚኖር ሁሉ፣ በቤት ውስጥ ስሙ በቂ ነው፤ በከተማው አደባባይ ግን በዚህ ስም ብቻ ሊታወቅ አይችልም።

ሁለት እግር ያለው ኮምፒዩተር

ሞያሌ በሁለት አገሮች የተከፈለች ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2020) በሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ ተመርቋል። በዚህ ዓይነት ኬላ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ስፍራ ሆነው መንገደኛውን ያስተናግዳሉ። መንገድ መሪ ኮምፒዩተርም እንዲሁ በሁለት መረቦች ድንበር ላይ ይቆማል። አንድ እግሩ በቤት ውስጥ፣ ሌላው እግሩ በውጭው ዓለም ነው። እነዚህ እግሮች የኔትወርክ ካርዶች ይባላሉ። አንድ ካርድ ብቻ ያለው ተራ ኮምፒዩተር ሁለተኛ ካርድ ይጨመርለታል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። እነርሱም ሁለት የኔትወርክ ካርዶች ያሉት ኮምፒዩተር፣ ወደ ውጭ የሚያገናኝ ሞደም፣ የቤቱን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኝ ስዊች የሚባል ማከፋፈያና የኔትወርክ ገመዶች ናቸው። የስልክ ሽቦ ባልደረሰበት ቦታ የውጭው እግር በሞባይል ስልክ ሞገድ የሚሠራ ሞደም ሊሆን ይችላል። አንዱ ገመድ ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ከዚህ ከረዘመ በውስጡ የሚያልፈው ምልክት ይደክማል። ኮምፒዩተሩ አዲስ መሆን አያስፈልገውም። እሽግ ማቀባበል ሥዕል እንደ ማሳየት ወይም ፊልም እንደ ማጫወት ከባድ ሥራ ስላልሆነ፣ ለሌላ ሥራ ዘገምተኛ ሆኗል ተብሎ የተጣለ ኮምፒዩተር ለዚህ ይበቃል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያ በኮምፒዩተሩ ላይ ለዚህ ተግባር የሚመች የሥራ ማስኬጃ ሥርዓት ይጫናል። ብዙዎች የሚመርጡት ሊኑክስ የተባለውን ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ በተባለ የፊንላንድ ተማሪ የተጀመረ ሲሆን፣ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ አሠራሩም ለሁሉም ግልጽ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ገመዶቹ ይሰካሉ። የውጭው ካርድ ከሞደሙ ጋር፣ የውስጡ ካርድ ከማከፋፈያው ጋር ይገናኛል። የትኛው ካርድ የውጭ፣ የትኛውስ የውስጥ እንደሆነ በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ይጠቅማል፤ ሁለቱ ከተለዋወጡ በሩ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይከፈታልና።

በሦስተኛ ደረጃ ለሁለቱ ካርዶች አድራሻ ይሰጣል። የውጭው ካርድ አድራሻውን የኢንተርኔት አገልግሎት ከሚሰጠው ድርጅት ይቀበላል። የውስጡ ካርድ ግን የማይለወጥ የቤት አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1፣ ይሰጠዋል። የቤቱ ኮምፒዩተሮች ሁሉ መውጫ በራቸው ይህ አድራሻ መሆኑን ማወቅ አለባቸው። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞደሙ ራሱ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ለውጭው ካርድ ከሰጠ፣ የውስጡ መረብ ወደ 192.168.2 መለወጥ አለበት። አለበለዚያ ኮምፒዩተሩ ውስጡንና ውጭውን ለይቶ ማወቅ ስለማይችል እሽጉን የት እንደሚልክ ይቸግረዋል።

በአራተኛ ደረጃ የማሳለፍ ፈቃድ ይሰጣል። ሁለት ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ መንገድ መሪ አይደለም። በተለመደው ሁኔታ ኮምፒዩተር ለራሱ የመጣውን እሽግ ይቀበላል እንጂ የሌላውን አያሳልፍም። በሊኑክስ ይህ ፈቃድ በአንዲት ቁጥር ይወሰናል። ቁጥሯ 0 ከሆነች ኮምፒዩተሩ ለራሱ ብቻ ይሠራል፤ ወደ 1 ስትለወጥ ግን ለሌሎች ማቀበል ይጀምራል። ተራውን ኮምፒዩተር መንገድ መሪ የምታደርገው ይህች ቁጥር ናት።

በአምስተኛ ደረጃ ለቤቱ ኮምፒዩተሮች አድራሻ የሚያድል አገልግሎት ይከፈታል። አንድ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር መረቡን ሲቀላቀል አድራሻ ይጠይቃል። በር ጠባቂውም ካልተያዙት መካከል አንዱን ለተወሰነ ጊዜ ያውሰዋል፤ መውጫው በር የት እንደሆነና ስሞች ወደ አድራሻ የሚለወጡበት የስም ማውጫ የት እንደሚገኝም ይነግረዋል። ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.254 ያለው ክልል 254 አድራሻዎች ስላሉት ለአንድ ቤት ቀርቶ ለአንድ ትምህርት ቤትም ሊበቃ ይችላል።

የበር ጠባቂው መዝገብ

የቤት ውስጥ አድራሻ ከግቢ የማይወጣ ከሆነ፣ ልጅቱ የላከችው ጥያቄ እንዴት መልስ ሊያገኝ ይችላል? ይህን የሚፈታው የአድራሻ ልወጣ ነው። በር ጠባቂው የሚወጣውን እሽግ ሁሉ ተቀብሎ የላኪውን የቤት አድራሻ ያነሣና በምትኩ የራሱን የውጭ አድራሻ ይጽፋል። መልሱ ሲመጣ ለማን እንደሆነ እንዳይጠፋው ደግሞ በመዝገብ ይይዘዋል።

ለምሳሌ የልጅቱ ኮምፒዩተር አድራሻ 192.168.1.20፣ የአባቷ ስልክ አድራሻ 192.168.1.21፣ የበር ጠባቂው የውጭ አድራሻ 203.0.113.5 ነው እንበል። በእሽጉ ላይ ከአድራሻው ሌላ የወደብ ቁጥር የሚባል፣ የትኛው ፕሮግራም እንደላከው የሚለይ ቁጥር አለ። ልጅቱና አባቷ በአንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ የወደብ ቁጥር በ50,000፣ ለአንድ ድረ ገጽ ጥያቄ ቢልኩ፣ በር ጠባቂው የልጅቱን ወደ 61,001፣ የአባቷን ወደ 61,002 ይለውጣል። ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒዩተር የሚያየው 203.0.113.5 የሚለውን አንድ አድራሻ ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም መልሶች ወደዚያ ይልካል። በ61,001 የመጣውን መልስ በር ጠባቂው ከመዝገቡ አመሳክሮ ለልጅቱ፣ በ61,002 የመጣውንም ለአባቷ ያደርሳል። የሁለቱ መልስ አይምታታም። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

አጥሩ

በር የሚከፈተው ለሚገባና ለሚወጣ ወዳጅ ብቻ አይደለም። በውጭው ዓለም የሰውን ኮምፒዩተር በር ቀንና ሌሊት የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ። ስለዚህ መንገድ መሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አጥር ሊታጠርለት ይገባል። የአጥሩ ሕግ አጭር ነው። ከውስጥ የተጠየቀ ነገር መልስ ሲመጣ ይግባ፤ ማንም ያልጠየቀው ነገር ከውጭ ሲመጣ ይመለስ። ይህን ሕግ ለመፈጸም የሚረዳው ያው ከላይ የተጠቀሰው መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረ እንግዳ እንግድነቱ ይታወቃል።

ከዚህም ሌላ በር ጠባቂው ራሱ ሊጠበቅ ይገባዋል። የይለፍ ቃሉ በቀላሉ የማይገመት መሆን አለበት፤ በላዩ ላይ የተጫኑት ፕሮግራሞች በየጊዜው መታደስ አለባቸው፤ ከውጭ ሆኖ እርሱን ለማዘዝ የሚያስችለው መንገድም ካልተፈለገ መዘጋት አለበት። የበሩ ጠባቂ ከተሸነፈ ከበሩ በስተጀርባ ያሉት ሁሉ ይጋለጣሉ።

ስሕተት ሲገኝ

አንድ ቀን መስመሩ ቢቋረጥ ብዙ ሰው ሁሉንም ገመድ ነቅሎ መልሶ ይሰካል። ይህ አንዳንድ ጊዜ ቢረዳም ምክንያቱን አያሳይም። የሚሻለው እንደ ጉድጓዱ ሰንሰለት፣ መቅጃው የት ላይ እንደቆመ ከቅርብ ወደ ሩቅ መፈተሽ ነው። በመጀመሪያ የካርዱ መብራት መብራቱ ይታያል፤ ካልበራ ችግሩ ገመዱ ነው። ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ አድራሻ ማግኘቱ ይጣራል፤ ካላገኘ ችግሩ አዳዩ ላይ ነው። ከዚያ ወደ 192.168.1.1 ጥሪ ይላካል፤ መልስ ከመጣ ከበሩ መድረስ ተችሏል ማለት ነው። ቀጥሎ በር ጠባቂው ራሱ ወደ ውጭ ጥሪ ይልካል፤ እርሱም መልስ ካላገኘ ችግሩ ከቤቱ ውጭ፣ በሞደሙ ወይም በአገልግሎት ሰጪው በኩል ነው። በር ጠባቂው መልስ አግኝቶ የቤቱ ኮምፒዩተር ካላገኘ ግን የማሳለፍ ፈቃዱ ወይም የአድራሻ ልወጣው ተዘንግቷል። በመጨረሻም በቁጥር አድራሻ የሚደረገው ጥሪ እየሠራ በስም የሚደረገው ብቻ ካልሠራ፣ የተበላሸው የስም ማውጫው ነው። በዚህ አኳኋን የሚመረምር ሰው ባለሙያ ለመጥራት ቢገደድ እንኳ የት ጋ እንደተበላሸ ነግሮ ይጠራል።

ጥቅሙና ጉዳቱ

አሮጌ ኮምፒዩተርን መንገድ መሪ ማድረግ ጉዳትም አለው። ዋናው ጉዳት የኤሌክትሪክ ፍጆታው ነው። ኮምፒዩተሩ 60 ዋት የሚፈጅ ቢሆን በ24 ሰዓት 1.44 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 43.2 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። 8 ዋት የሚፈጅ ትንሽ ሣጥን ግን በ30 ቀን የሚወስደው 5.76 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ከፀሐይ ብርሃን በሚገኝበት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ኮምፒዩተሩ ቦታ ይይዛል፤ ያጉረመርማል፤ አቧራም ይሰበስባል። ስለዚህ ትንሹን ሣጥን መግዛት የሚችል ቤተሰብ ቢገዛ አይነቀፍም።

ጥቅሙ ደግሞ ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩን በገዛ እጁ መንገድ መሪ ያደረገ ተማሪ ሣጥኑ ውስጥ የሚደረገውን ያውቃል። ሣጥኑም ሆነ ኮምፒዩተሩ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ አድራሻ ያድላሉ፤ እሽግ ያሳልፋሉ፤ መዝገብ ይይዛሉ፤ አጥር ይጠብቃሉ። ይህን ያወቀ ሰው በቤቱ የተቀመጠውን ሣጥን እንደ ምትሃት አያየውም፤ ሲበላሽም በመፍራት ፈንታ ይመረምራል።

የበር ጠባቂነት ኃላፊነት

ከሁሉም በላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። የበሩን ቁልፍ የያዘ ሰው ሥልጣን ይዟል። የአብዛኞቹ ድረ ገጾች ይዘት ዛሬ በምስጢር ተቈልፎ የሚጓዝ ቢሆንም፣ ከቤቱ ማን ወደ የትኛው አድራሻ እንደላከ በር ጠባቂው ሊያይ ይችላል። ለአንዱ መንገዱን ሊያሰፋ፣ ለሌላው ሊያጠብ ይችላል። አንድ ሰው ረጅም ፊልም ሲያወርድ መስመሩ ሞልቶ የልጅቱ የትምህርት ገጽ ሊዘገይ ይችላል። ኮምፒዩተሩ እሽጎችን በተራ እንዲያሰልፍ ከታዘዘ ግን ትንሹ ጥያቄ በትልቁ አይዋጥም። ተራው እንዴት ይሁን የሚለውን ግን ማሽኑ ከራሱ አያመነጭም፤ የሚወስነው ሰው ነው።

አባ ሄሬጋ የሚከበረው ውሃው የእርሱ ስለሆነ አይደለም። ተራውን ስለሚያውቅና ለሁሉም ስለሚጠብቅ ነው። በአንድ ቤት የመንገድ መሪውን ኮምፒዩተር የሚያሰናዳ ወጣትም ይኸው ዕድል ይገጥመዋል። መስመሩን ለራሱ ቢይዘው የቤቱ ሰዎች ከጉድጓዱ አፋፍ ተጠምተው እንደ ቆሙ መንጋዎች ይሆናሉ። በአግባቡ ቢያዳርሰው ግን የአንድ ሰው መስመር የቤተሰብ ሁሉ መስመር ይሆናል።

ጥያቄዎች

1. በቱላ ጉድጓድ መካከል ላይ የቆመው ሰውና መንገድ መሪው ኮምፒዩተር በምን ይመሳሰላሉ?
2. «ራውተርነት ዕቃ ከመሆኑ በፊት ሥራ ነው» የተባለው ለምንድን ነው? ከምንባቡ ሁለት ማስረጃዎችን ስጡ።
3. ሁለት ካርድ ያለው ኮምፒዩተር መንገድ መሪ የሚሆነው ምን ሲደረግለት ነው?
4. የልጅቱና የአባቷ መልስ የማይምታታበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
5. በቁጥር አድራሻ የሚደረገው ጥሪ ሠርቶ በስም የሚደረገው ባይሠራ የተበላሸው ምንድን ነው?
6. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ብዙዎች በተራ የሚጠቀሙበትን አንድ ነገር መርጣችሁ፣ ተራው እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።